አጎቴ የሠራው ደረጃ

ፖሊስ ጣቢያችን ደረጃ የለውም። ከመንገዱ እኩል የተሠራ፣ ፎቅም ምድር ቤትም የሌለው ዝርግ ቤት ነው። በሩ ላይ ያለው ደፍ የሁለት ጣት ከፍታ ቢኖረው ነው። ከውስጥ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ መጨረሻው ላይ መጸዳጃ ቤት፤ አለቀ። ሰው እዚያ ቤት ውስጥ መውደቅ ቢያምረው መጀመሪያ ወንበር ላይ መውጣት አለበት።

ይሁን እንጂ በመዝገቡ መሠረት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሰው ከዚህ ጣቢያ ደረጃ ላይ ወድቋል። አንዱ ጥርሱ ረግፏል፣ አንዷ ክንዷ ተሰብሯል፣ አንድ ዕድለ ቢስ ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቋል። ደረጃውን የሠራው የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ድንጋይም ሲሚንቶም አልፈጀበትም፤ በጽሕፈት መኪና ነው የሠራው።

አጎቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ከበሩ ሰባት እርምጃ ርቆ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥቁር የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ትልቅ ጃንጥላና ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር አለው። በጉልምስናው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ጡረታ ሲወጣ እቤት መቀመጥ አልሆነለትም። ሚስቱ እንደምትናገረው በሦስተኛው ሳምንት ለእሷ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ ጉዳዩ፦ የራት ሰዓትን ስለማክበር። በአራተኛው ሳምንት ጠረጴዛውን ራሷ ተሸክማ አወጣችለት።

ንግግሩም ያው ደብዳቤ ነው። ጉንፋን ሲይዘው «የጤንነቴ ሁኔታ ለጊዜው አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። በየሁለት ዓረፍተ ነገሩ መሀል «ከላይ እንደተገለጸው» ካላለ ትንፋሹ የሚቆረጥ ይመስለዋል። ሰፈሩ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

ግን ይጽፋል። የሥጋ ዘመዴ ስለሆነ አይደለም፤ እውነትም ይጽፋል። ተበድላ የመጣች ሴት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታለቅስ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መቼ፣ የት፣ ማን አየ። መኪናው ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ጽፎ ሲያነብላት ሴትየዋ «ይሄ ሁሉ የደረሰብኝ እኔ ነኝ እንዴ?» ብላ አዲስ ልቅሶ ትጀምራለች።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የአጎቴን ጽሑፎች ሁሉ በሦስት በሦስት የማባዛው እኔ ነኝ፤ ይህን የምናገረው ኋላ እጄን ታጥቤ የወጣሁ እንዳይመስል ነው። ከእኔ ቤት ጎን ፀጉር አስተካካዩ አለ። የአጎቴ የልብ ወዳጅ ነው፤ አጎቴ በየሁለት ቀኑ ጢሙን የሚላጨው እሱ ዘንድ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ከደረጃው ላይ በመውደቅ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከጣቢያው ሳጅኖች አንዱ ሊላጭ መጣ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ጉንጩ አረፋ የሆነ ሰውዬ ተቀምጧል። ሳጅኑ ሰውዬው እንዲነሳለት አዘዘ። ፀጉር አስተካካዩ ይቺን ጉንጭ ልጨርስና አለው። ይኸው ነው ወንጀሉ። ጎትቶ ጣቢያ አስገባውና በጥፊ አጮለው። ሲወጣ ቀኝ ጆሮው ውስጥ የሚጮኽ ነገር ነበር፤ በሳምንቱ ጩኸቱም ተወው፣ መስማቱም ተወው።

መቼም ፖሊስ የበደለው ሰው አቤት የሚለው የሆነ ቦታ ነው። በእኛ ሰፈር አቤት የሚባለው እዚያው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ጠዋት አጎቴ ጋ ሄደ፤ አጎቴ ድንጋይ የሚያስለቅስ ማመልከቻ ለጣቢያው አዛዥ ጻፈለት። አዛዡ ኅዳጉ ላይ «ለተባለው ሳጅን፤ መልስ ይስጥበት» ብሎ መራው። ሳጅኑ እርሳስ ከሚይዝ እባብ ቢይዝ የሚመርጥ ሰው ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ፣ ፀጉር አስተካካዩ ያሞቀው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለና ለአጎቴ መልስ እንዲጽፍለት ነገረው።

እዚህ ላይ ስንት ጊዜ ደሜ እንደፈላ አልናገርም። አጎቴ ግን የሚያፍርበት ነገር አልታየውም። እሱ ብዕር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ አግዳሚው ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ይጽፋል። ያስቸገረው ሌላ ነገር ነበር። ሳጅኑ ሰውዬው ራሱን በራሱ በጥፊ መታ ተብሎ እንዲጻፍለት ፈለገ። አጎቴ የሙያ ክብሩ ተነካ። ይህን የሚያነብ ይስቅብሃል፣ ሰው ምን ቆርጦት ራሱን በጥፊ ያጮላል ብሎ ገሠጸው። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። በጡረታ የተሰናበተበት መሥሪያ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነበር፤ ደረጃው በየሳምንቱ በሰም ይወለወል ስለነበር አንድም ወር ሰው ሳይወድቅበት አልፎ አያውቅም። አጎቴ ራሱ ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። «አመልካቹ ከደረጃው ላይ አዳልጦት በመውደቁ» ብሎ ጻፈ።

አጎቴ ጣቢያው ውስጥ እግሩ ገብቶ አያውቅም። ከአጥሩ ሥር እየዋለ ግቢውን እንደ እሳት ነው የሚፈራው፤ ወረቀት የሚቀበለውም የሚሰጠውም በር ላይ ነው። ፎቅ እንደሌለው ጣሪያውን አይቶ ያውቃል። ሰው የሚታሰርበት ቤት ምድር ቤት አያጣም፣ ምድር ቤት ካለ ደግሞ የሚወረድበት ደረጃ አያጣም ብሎ ገመተ፤ አልጠየቀም። ሳጅኑ ሲነበብለት ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። አዛዡም መልሱን ተቀብሎ፣ የምርመራ ውጤቱን ደግሞ አጎቴ እንዲያዘጋጅ ረቂቅ ላከለት። አጎቴ «አቤቱታው መሠረተ ቢስ ሆኖ ስለተገኘ» ብሎ ዘጋው። ክሱ፣ መልሱና ፍርዱ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ሪባን፣ በሦስት ቀን ውስጥ ተጻፉ። እኔ ደግሞ አባዛሁት።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ገበያው ደራ። እጁ የፈጠነ ፖሊስ ሁሉ እየመጣ «አባት፣ ያቺን ደረጃ ይጻፉልኝ» ይላል። አጎቴም እየቆየ ያሻሽላት ጀመር። አንድ ዓመት የእጅ መደገፊያ ጨመረላት። ቀጥሎ በውኃ የምትታጠብበትን ቀን ወሰነ፤ ማክሰኞና ዓርብ። እርከኖቿ አሥራ አንድ ሆኑ፣ ሰባተኛው ጠርዙ የተሸረፈ ነው ተባለ። የተሸረፈው ይጠገን ብሎ የጻፈ የበላይ አካል የለም። እኔ መታወቂያ ጠፋብኝ ብዬ ለማመልከት አንድ ጊዜ ገብቼ ነበር፤ ደረጃ አላየሁም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

እንዲህ ሲባል ዘጠኝ ዓመት ሄደ። በዚህ ዓመት አንድ ሰኞ አንዲት አትክልት ሻጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ያው ሳጅን ትሪዋን በእርግጫ ብሎ ቲማቲሟን መንገድ ለመንገድ በትኖባታል። አጎቴ ማመልከቻዋን አጋምሶ እየመታ ሳለ ሳጅኑ ስለ ሌላ ጉዳይ መልስ ሊያስጽፍ መጣ። እንደ ልማዱ በትከሻው በኩል አጮለቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ ክስ የሚያየው በአዛዡ ተመርቶ ሲደርሰው ነበር፤ በራሱ ላይ ክስ ገና ሲጻፍ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ስሙም ከሥሩ ተሰምሮበታል።

ይሄ ማነው ብሎ ጠየቀ።

«ከላይ እንደተገለጸው፣ አንተ ነህ» አለው አጎቴ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ሳጅኑ ወረቀቱን ከመኪናው ላይ ሊመነጭቅ ጎተተ። አጎቴ ሌላ ሌላውን ሁሉ ይችላል፤ ሮለሩ ሳይፈታ ወረቀት መጎተት ግን እሱ ዘንድ ይቅርታ የለውም። ወረቀቱን በቀኝ እጁ ጨምድዶ ያዘ። ሳጅኑ እጁን ጠመዘዘው። እኔ ከማዶ ሆኜ ድምፁን ሰማሁት፤ ማገዶ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ሮጬ መንገዱን ስሻገር አጎቴ እጁን ጉያው ውስጥ ይዞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «እባክህን ሪባኑን እንዳትነካ» ይል ነበር። አትክልት ሻጯ፣ ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች፣ ደጃፉ ላይ የቆመው ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም አይተዋል።

ሐኪሙ የእጁ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሯል አለና እስከ ክርኑ ድረስ በጄሶ ጠቀለለው። ጣቶቹ እንደ ቀድሞው መታዘዛቸው አጠራጣሪ እንደሆነም ነገረን። አጎቴ ይህን ሲሰማ ሐኪሙን በጽሑፍ እንዲሰጠው ጠየቀው።

በማግስቱ ማመልከቻውን ሊጽፍ እኔ ሱቅ መጣ። እሱ ይናገራል፣ እኔ በኮምፒውተር እጽፋለሁ። ዓይኑን ጨፈነ። መቼ፣ የት፣ ማን አየ አልኩት፤ መለሰልኝ። ከዚያ «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ጀመረና ቆመ፤ ከላይ የተገለጸ ነገር ገና አልነበረም። ብዙ ሞከረ። የሌላውን ሰው በደል አሳምሮ የሚያፈስ ሰው የራሱን ሲናገር እንደ ልጅ ተንተባተበ። በመጨረሻ ያለው «አሞኛል፣ ልክ አይደለም» ብቻ ነው። እንደምንም አሟልቼ ጻፍኩና በሦስት ኮፒ አስገባን።

በሦስተኛው ቀን ሳጅኑ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ አጎቴን እጅዎ እንዴት ነው አለው፤ እግዜር ይማርዎት አለው። ቀጥሎ ያንኑ የእኔን ማመልከቻ ከኪሱ አወጣ። ኅዳጉ ላይ «ለተባለው ሳጅን፤ መልስ ይስጥበት» ተብሎ ተመርቷል። አንገቱን እያሻሸ መልስ እንዲጻፍለት ለመነ።

ስቴፕለሩን አነሳሁ። በግንባሩ ልለው ነበር። አጎቴ በጤነኛ እጁ አስቀመጠኝና ሳጅኑን ምን ልትል አስበሃል ብሎ ጠየቀው። አልነካሁትም ልል ነው አለ። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ያህል ሰው አይቶ አልነካሁትም ማለት የማያዋጣ ክርክር ነው አለ። ከዚያ፣ ዓይኔ እያየ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

አልጽፍም አልኩ። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጽፍም። እሱም ግድ አላለውም፤ ተሻግሮ ሄደና በግራ እጁ አንድ ጣት ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀጭ፣ ቀጭ ሲያደርግ ዋለ። ሲጨርስ መጥቶ አነበበልኝ። እንደዚያ ያለ መልስ ጽፎ አያውቅም። አመልካቹ በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ሆኖም በሰፈሩ የተከበሩ አዛውንት ናቸው። ዕለቱ ሰኞ ቢሆንም በልዩ ትእዛዝ ደረጃው ታጥቦ ነበር። ሰባተኛው እርከን ላይ አዳለጣቸው። ሳጅኑ ሊያድናቸው እጃቸውን ቢይዝ፣ ያን ጊዜ ተጠመዘዘ። አጎቴ «ሊያድናቸው» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ደስ ብላዋለች።

ጋሼ አብደሃል ወይ አልኩት። ሥራ ሥራ ነው አለኝ። ደግሞስ እጄ የተሰበረው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ ነው፤ አዛዡ ሞኝ አይደለም፣ ይህን አንብቦ አይቀበልም አለ። ከልቡ ነው ያመነው። ያን ያህል ዓመት ፍርዱን ራሱ ሲጽፍ ኖሮ፣ ጣቢያው ውስጥ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው አለ ብሎ ያምን ነበር።

የምርመራው ውጤት በሳምንቱ መጣ። አዛዡ አጎቴን እንዳያስቸግር ይሉኝታ ይዞት ይሁን እንጃ፣ የድሮ ውጤት ከመዝገብ አስወጥቶ ስሙንና ቀኑን ብቻ አስቀይሮታል። የተገለበጠው የፀጉር አስተካካዩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «አመልካቹ ከደረጃው ላይ አዳልጧቸው መውደቃቸው በመልስ ሰጪው የተረጋገጠ ሲሆን፣ ጆሯቸውም ጤናማ መሆኑ ስለታወቀ፣ አቤቱታው መሠረተ ቢስ ሆኖ ተገኝቷል።»

አጎቴ ጄሶውን አቅፎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመና ወረቀቱን እንደገና ማንበብ ጀመረ። ቃላቱ በሙሉ የራሱ ናቸው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ የራሱ ነው። ጽፎ ለሰው ከመስጠት በቀር እንዲህ ያለ ደብዳቤ ተቀብሎ አያውቅም። «ይሄን ነው እንዴ የምንሰጣቸው?» አለኝ። አዎ፣ ይሄንን ነው አልኩት። በዚያ ቀን ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰም።

ከጣቢያውም ከፖሊሱም በላይ ያልሆነ፣ በታችም ያልሆነ፣ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ብቻ የሚመረምር አዲስ ቢሮ መከፈቱን ሰምቼ ነበር። አጎቴን ሳላማክር ጻፍኩላቸው። ጉዳዩም ግልባጩም የለውም። «አጎቴን አንድ ሳጅን እጁን ሰበረው። መልስ እንዲሰጥ የተጠየቀው ሰባሪው ነው፤ የፈረደው የሰባሪው አለቃ ነው። መጥታችሁ ደረጃውን እዩ።» አጎቴ ኮፒውን አይቶ ይሄ ጩኸት እንጂ ማመልከቻ አይደለም አለ። ቢሆንም በአሥራ አንደኛው ቀን መርማሪዋ ከአውቶቡስ ወረደች።

ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የምትታጠፍ ወንበር ይዛለች። ቀድሞ ጭምጭምታው ጣቢያው ደርሷል። በዋዜማው አዛዡ አጎቴን በር ላይ አስጠርቶ በለሰለሰ አንደበት አነጋግሮታል፤ ከአጥራችን ሥር ሲቀመጡ ፈቃድ አምጡ ብለን አናውቅም፣ ወደፊትም ባንልዎት ደስ ይለናል ብሎታል። አጎቴ ማታ ራቱን ትቶ ይህን ለሚስቱ ነገራት። ያቺ ጠረጴዛ ከሌለች እሱ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እኛም አናውቅም።

መርማሪዋ አጎቴንም እኔንም አስከትላ ገባች። አዛዡ የራሱን ወንበር ጎትቶ ጋበዛት፤ አመስግና የራሷን ዘረጋች። ሻይ አዘዘላት፤ አመስግና ከቦርሳዋ ውኃ አወጣች። እስክሪብቶ ሲያቀብላት እንኳ የራሷን አሳየችው። አዛዡ ተከፍቶ፣ እኛ ጋ ያለው ሻይ መርዝ የለውም አላት። እሷም መርዝ እንደሌለው አልጠራጠርም፣ ግን ሻያችሁን ጠጥቼ ስወጣ እኚህ አዛውንት ምን ይሰማቸዋል አለችው። ከዚያ ደረጃውን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች።

አንድ ፖሊስ ወደ ደፉ ጠቆመ፤ ጎንበስ ብላ በእጇ ለካችውና ቀና አለች። ሌላው አምፖል የሚቀየርበትን መሰላል ይዞ ብቅ አለ። አዛዡ በዓይኑ ገላመጠውና ደረጃው በቅርቡ ፈርሷል አለ። ወዴት ነበር የሚወስደው ብላ ጠየቀች። አዛዡ ወደ ላይ አለ፤ ሳጅኑ በዚያው ቅጽበት ወደ ታች አለ። ላይ ምን አለ ስትል ጣሪያ ተባለ። ታች ምን አለ ስትል ሁለቱም ወለሉን አዩ። እኔ ሳቅ አፍኖኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

አጎቴ ግን አልሳቀም። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደ። እያንዳንዱን በር ከፍቶ አየ፤ መጸዳጃ ቤቱንም። ሲመለስ ክው ብሎ ቀርቷል። «የለም እንዴ?» አለ፤ ለማንም አይደለም የሚናገረው። ሰዎቹ መመታታቸውን ያውቅ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ቢያንስ ደረጃ ያለ ይመስለው ነበር።

መርማሪዋ ከጣቢያው አስቀድማ ያስላከቻቸውን የደረጃውን አሥራ ዘጠኝ መዝገቦች ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ ደረደረች። ሁሉም በአንድ አጻጻፍ፣ በአንድ መኪና የተመቱ ናቸው፤ ክሱም መልሱም ውሳኔውም። ማን ጻፋቸው ብላ ጠየቀች። አዛዡ አጎቴን አየው። ያቺ አስተያየት ጠረጴዛውንም ጃንጥላውንም አግዳሚውንም ይዛለች። ዝም ቢል ዝም ብለው ሊያኖሩት ነው።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። «አሥራ ዘጠኙንም እኔ ነኝ። የራሴንም መልስ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ አስረዳችው። የእሱ ጉዳይ ብቻውን ቢታይ ምስክሩ ብዙ ስለሆነ በአጭር ጊዜ ያልቃል። አሥራ ዘጠኙ አብረው ከተከፈቱ ግን ይረዝማል፣ እሱም አንድ ጊዜ በተበዳይነት፣ አንድ ጊዜ በተጠያቂነት መቅረቡ አይቀርም። የትኛውን እንደሚመርጥ ጠየቀችው።

አጎቴ ጄሶውን ትንሽ አሻሸ። «ሁሉም ይከፈቱ» አላት። «የእኔን መጨረሻ ላይ ያድርጉልኝ።»

በማግስቱ ጠረጴዛው ከአጥሩ ሥር ተነሣ። ሁለት ፖሊሶች አምጥተው ሱቄ በር ላይ ወረወሩት። አጎቴ ግን ስለ ጠረጴዛው አልተናገረም። በሳምንቱ ከተመቱት ሰዎች ስድስቱ ሊቀርቡ መስማማታቸውን መርማሪዋ በስልክ ነገረችኝ፤ የፀጉር አስተካካዩ መልስ ብቻ አልመጣም። አጎቴ ራሴ እነግረዋለሁ አለና ተነሣ። ብቻውን መሄድ ስለፈራ እኔን አስከተለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ወትሮው ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፣ ፎጣውን አሰረለት፣ አረፋውን ቀባው። በግራው በኩል ቆሞ ምላጩን ሲስል አጎቴ መናገር ጀመረ። ወደ ደንቆሮው ጆሮ፣ በሹክሹክታ። ስለ ጠዋቱ ማመልከቻ፣ ስለ ከሰዓት በኋላው መልስ፣ ስለ ደረጃው፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጨርሶ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋት ከንፈሩን ሲያይ ቆይቷል።

«በዚህኛው በኩል ና» አለው፣ ግራ ጆሮውን እየነካ። «ያኛውን አንተ ነህ የወሰድከው።»

አጎቴ አረፋው እየተንጠባጠበ ተነሥቶ ዞረና ደግሞ ተናገረ። በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ያለቅስም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ትከሻውን ይዞ መልሶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«አውቃለሁ» አለው። «ውሳኔው የደረሰኝ ቀን ነው ያወቅኩት። በዚህ ሰፈር ነጠላ ሰረዝ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጉሮሮህን የምላጭህ እያወቅኩ ነው።»

አጎቴ እጁ ሳያስበው ወደ ጉሮሮው ሄደ። ታዲያ ለምን ዝም አልክ አለው።

«ለማን ልናገር?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ፖሊስን ልከስ ስመጣ የሚጽፈው አንተ፣ የሚመልሰው አንተ፣ የሚፈርደው አንተ። አንተን ለመክሰስስ ማን ዘንድ ሄጄ ላስጽፍ?»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ፀጉር አስተካካዩ አገጩን ይዞ ቀና አደረገውና ጢሙን እስከ መጨረሻው ላጨው። ፊቱን በፎጣ ጠርጎለት ሲያበቃ እኔን ወረቀት እንዳመጣ ጠየቀኝ። እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። አነጋገሩ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ፣ ቀኑና ምክንያቱ የተደባለቀ፣ መሀሉ ላይ ስድብ ያለበት ነበር። አጎቴ ከአጠገባችን ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላረመም።